ፍስሃጽዮን የሠራው ዳስ

ባለቤቴ ፍስሃጽዮን በሕይወቱ አዲስ ዕቃ ገዝቶ ቤት ሲገባ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ የሠርጋችን ቀለበት ነው። ሁለተኛው ለእኔ ያመጣልኝ ጃንጥላ ነው፤ እሱንም ሳምንት ሳይሞላው «እጀታውን የሠራው ሰው ቸኩሏል» ብሎ ፈታታው። የቀረው፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ ወንበሩ፣ የውሃ በርሜሉ ሳይቀር ከመደበር፣ ከአስመራው የብረት ቀጥቃጮች ገበያ የመጣ ነው። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ የኖረው መደበር ነው፤ አባሻውል ወዳለው ቤታችን የሚመጣው ለራትና ለእንቅልፍ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እዚያ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጎማው ጫማ ይሆናል፣ የተጋጨ መኪና በር ተቀጥቅጦ የዶሮ ቤት ይሆናል። እሱም ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ተቀምጦ፣ መዶሻውን በግራ እጁ ይዞ፣ ሰው ሲጠራው እንኳ ሳይሰማ ይውላል።

አዎ፣ ግራኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ቢላዋ ሲስል ሳየው እጁን የሚቆርጥ እየመሰለኝ ፊቴን አዞር ነበር። ልጆቻችንን ጫማ ካሰረላቸው ደግሞ ትምህርት ቤት ማንም ሊፈታላቸው አይችልም፤ ቋጠሮው ተገልብጦ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቀን አስተማሪዋ ልጄን መንግስትአብን «አባትህ ምጽዋ መርከብ ላይ ነው እንዴ የሚሠራው?» ብላ ጠይቃዋለች። ማታ ማታ እየተነጫነጭኩ የምፈታው እኔ ነበርኩ።

የእኔ ሥራ መስጋት ነበር። እኔ እሰጋለሁ፣ እሱ ይቀጠቅጣል፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው። መንግስትአብ በሕፃንነቱ ከአልጋ ወድቆ ግንባሩ ሲያብጥ ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ፤ በማግስቱ የልጁ አልጋ ዙሪያውን በብረት ታጥሮ አገኘሁት። ጎረቤቴ ምሕረታ አይታ «አንበሳ ነው እንዴ የምታሳድጉት?» አለች። ደረጃው ያንሸራትታል አልኩ፣ ደረጃው ጎማ ለበሰ። ልጆቹ ምድጃው ላይ ይወድቃሉ አልኩ፣ ለምድጃው አጥር ሠራለት፤ ከዚያ ወዲያ ድስቱን ለማውጣት እጄን እንደ ሌባ አሾልኬ ነበር የማስገባው። ሌባ ይመጣል ስልም ለመኝታ ቤቴ በር መቀርቀሪያ አመጣልኝ። ክንድ የምታህል ድፍን ብረት ናት፤ ሁለት ጆሮ ውስጥ ትገባለች፣ በሬም ቢገፋው በሩ አይከፈትም። ብረቷ በብርድ ወራት እጅ ታቃጥላለች፣ ጫፏም ጣት ይልጣል ብዬ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ በክር አሰርኳት። «ለብረትም ልብስ አለበስሽለት!» ብሎ ሳቀ። «አጆኺ፣ አይዞሽ ለተብርሃን፣ ከእንግዲህ ማንም አይገባብሽም።»

ከሠራቸው ሁሉ ትልቁ ግን ዳሱ ነበር።

ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት የእኛ ስርጥ፣ የዚህች ጠባብ መንገድ ሰው ለሠርግም ለለቅሶም ድንኳን ፍለጋ ከተማውን ይዞር ነበር። ፍስሃጽዮን ይህ አናደደውና በር ለበር እየዞረ ብረት ለመነ። ጎረቤቶቻችን አሥራ አንድ ቤት ነበሩ። አንዱ የተሰበረ የአልጋ እግር ሰጠው፣ አንዱ የውሃ ቧንቧ፣ አንዱ የአውቶቡስ ጭስ ማውጫ። አንድ ክረምት ሙሉ መደበር ሲቀጠቅጥ ቆይቶ በጋሪ ጭኖ አመጣው። ከዚያ ወዲህ በስርጡ የተዳረና የሞተ ሁሉ ከሥሩ አልፏል። እኔ ዳሱ ሲተከል ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ከቀረብኩ «ይወድቃል! ተጠንቀቅ! ያዘው!» እያልኩ ስለምጮህ ሠራተኛውን አሸብራለሁ ተብዬ ወደ ድስቶቹ እባረራለሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እሱ ሁሉንም «ሂዱ ብሉ» ብሎ ያሰናብታቸውና ብቻውን ይቀራል። ሰዉ በልቶ ሲመለስ ዳሱ ጸንቶ ቆሟል። ምን እንዳደረገ የጠየቀውም የለም።

ለራሱ ለቅሶ የተከልነው የኪራይ ድንኳን ነበር። ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ በጥር፣ የመንግስትአብ ልጅ ሰገን ልትዳር ሆነ። በዚያ ወር አስመራ ውስጥ ያልተያዘ ድንኳን የለም። መንግስትአብ ዓርብ ጠዋት ሁለት ጓደኞቹን ይዞ የአባቱን ብረት ከጓሮ አወጣው። ልጄ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው። ጥሩ ልጅ ነው፤ እጁ ግን የእኔ እጅ ነው፣ ምስማር ሲመታ ጣቱን ያገኘዋል።

«ተወው ልጄ» አልኩት። «አባትህ የለ፣ ማን ያውቀዋል? ሙሽራዋ ላይ ቢወድቅስ? ካህናቱ ላይ ቢወድቅስ?»

«እሺ አደይ፣ እንዳልሽ» አለኝ፤ እንዲህ ቶሎ እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። «እኔም ያሰብኩት እሱን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንሞክረዋለን። ካልቆመ ሠርጉን ጎዳይፍ ሠፈር፣ የሙሽራው አጎት ግቢ እናደርገዋለን። ብረቱን ወዲ ገረዝጊ ይወስደዋል፤ ነግሬዋለሁ።»

«ወስዶ ምን ሊያደርገው?»

«ቆርጦ ምድጃ ሊሠራበት ነዋ። ጓሮ ዝገት ከሚበላው አይሻልም?»

የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩ። እንዳይወድቅ ስሰጋ ኖሬ፣ ተቆርጦ ምድጃ መሆኑ በአእምሮዬ መጥቶ አያውቅም። «አይቆረጥም!» አልኩ።

«ይተከል ወይስ አይተከል አደይ? አንዱን ምረጪ።»

«ይተከል። ግን እንዳይወድቅ።»

አራት ሰዓት ላይ ወዲ ገረዝጊ ጋሪውን እየገፋ መጣ። ከፍስሃጽዮን ጎን ሃያ ዓመት የቀጠቀጠ፣ ምላሱ ከመዶሻው የሚፈጥን ሰው ነው። ጋሪው ላይ ተቀምጦ ዳቦውን እየገመጠ ብረቶቹን በዓይኑ ይለካቸዋል።

«ይሄ ሦስት ምድጃ ይወጣዋል» አለ። «ያኛው ረጅሙ አራት። መንግስትአብ፣ ያንን ገልብጠህ ነው የያዝከው። አባትህ ቢያይህ ተመልሶ ይሞታል።»

«ከምትስቅ አታግዘኝም?»

«እኔ? እሱ የተከለውን ነገር ማንም ሲነካ አይወድም ነበር። እኔ ለቅርጫዬ ነው የመጣሁት።»

እስከ ስድስት ሰዓት ለፉ። አንዱን ከአንዱ ሲያገናኙት የቡሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም፤ ሲገጥም ደግሞ ሦስተኛው አይደርስም። አንዴ ግማሹ ቆሞ ሲወድቅ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች በሙሉ ጮኹ፤ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

«አደይ፣ ወደ ወጥሽ ተመለሺ!»

«እንዲህ የሚለኝ አባትህ ነበር። አንተ አይደለህም።»

ጎንበስ ብዬ ብረቶቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየኋቸው። በእያንዳንዱ ቋሚ ጫፍ ላይ በመሮ የተመታ ትንሽ ሥዕል አለ። መቀስ። ዶሮ። መስቀል። ጀበና መሳይ ነገር። ግማሽ ጨረቃ። ፍስሃጽዮን ፊደል አልቆጠረም፤ እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማርኩ ላስተምርህ ስለው «እኔ ካወቅሁ አንቺ ማን ላይ ትኮሪያለሽ?» እያለ አለፈኝ። ዕቃውን ሁሉ በሥዕል ነበር የሚያውቀው።

«ይሄ የፋብሪካ ምልክት ነው» አለ መንግስትአብ።

«የምን ፋብሪካ! ይሄ መቀስ ባሻይ ገርግስ ሰፊው ነው። መስቀሉ ቀሺ ተስፉ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግማሽ ጨረቃው ሐጂ ዑመር ነው፣ ያንን የአልጋ እግር ሲሰጠው ቆሜ አይቻለሁ። ልጄ፣ ይሄ ብረት አይደለም፣ ስርጡ ነው! እንደ ቤቶቹ አሰላለፍ ነው የሚገጥመው። ከላይ፣ ከሐጂ ዑመር ጀምሩ!»

ወዲ ገረዝጊ ማኘክ አቆመ።

ጀመርን። እኔ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር እጠራለሁ፣ እነሱ ያነሳሉ። ሐጂ ዑመር፣ ቀጥሎ ቀሺ ተስፉ፣ ቀጥሎ ሻይ ቤቷ። ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ቤት ቀይረዋል፣ እነሱ ግን አንድ ባንድ እየመጡ ተራ በተራ ቆሙ፤ ቡሎኑ ዘው፣ ዳዶው ጥርቅም። የእኛ ቤት ስርጡ አፍ ላይ ነው፤ በእኛ ቦታ ቋሚ የለም፣ የዳሱ መግቢያ ነው። ገርግስና ምሕረታ ላይ ስንደርስ ግን ተያዝን። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቶች ናቸው፤ የመቀሱ አግዳሚና የዶሮዋ ቋሚ ግን ስንዝር ያህል ይራራቃሉ።

«ምሕረታ!» ብዬ ወደ ወጥ ቤት ጮኽኩ። «ነይ እስቲ፣ ከገርግስ ጋር አልገጥም አልሽ!»

ምሕረታ እጇ ሽንኩርት እንደሸተተ መጣች። ሰማንያ ሊሞላት ነው፤ ሥዕሉን አየችና ወገቧን ያዘች። «እኔን በዶሮ?»

«ታዲያ በምን ያድርግሽ? ስርጡን በዶሮ ያመስሽው አንቺ።»

«አንዲት ዶሮ ነበረችኝ!»

«እሷ አንዲቷ የገርግስ አዲስ የሙሽራ ካባ ላይ አልወጣችም? አራት ዓመት ሳትነጋገሩ አልኖራችሁም?»

«ካባውን መስኮት ላይ ዘርግቶት! ዶሮ መስኮትና መሰላል ትለያለች?» አለችና ራሷ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። «ለተብርሃን፣ ይሄ ዳስ የተሠራው በዚያ ክረምት ነው እኮ። አንድ ገበታ አንቀርብም ነበር። ባልሽ ነው በየድግሱ መሀላችን የሚቀመጠው፤ ጨውም ሲያስፈልገኝ ለገርግስ የሚነግርልኝ እሱ ነበር።»

ተያየን። ከዚያ ሁለታችንም ብረቱ መሀል መፈለግ ጀመርን። የለም።

«ስንዝር የምታህል ቁራጭ አላያችሁም? የሆነ ሥዕል ያለባት?»

ወዲ ገረዝጊ ጉሮሮውን ጠረገ። ከጋሪው ወረደና ዳቦ ከበላበት ጨርቅ ሥር አንዲት አጭር ቧንቧ አወጣ። «ትርፍ መስላኝ ነው» አለ። «ለምድጃ እግር ትሆናለች ብዬ።»

ላይዋ ላይ መዶሻ ተመቷል፤ እጀታው ወደ ግራ።

በመቀሱና በዶሮዋ መሀል ስትገባ ድምፅ እንኳ አላሰማችም። ምሕረታ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «ይኸው አሁንም ከዚያ ሰፊ ጋር አላስነካኸኝም» አለችው፣ ለብረቷ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ከየአቅጣጫው የሚመጡት አራት ረጃጅም ቧንቧዎች አናቱ ላይ፣ አንድ የጭነት መኪና ቸርኬ ውስጥ ገብተው ተደራረቡ። ዳሱ ቆመ። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። እኔ አንዱን ቋሚ በትከሻዬ ነካሁት፤ ጠቅላላው እንደ ሰከረ ሰው ተወዛወዘ።

«ውረድ! ከመሰላሉ ውረድ!»

መንግስትአብ ወረደ። ላይ ያለውን ቀዳዳ አይቶታል። «አራቱ ቧንቧ ጫፋቸው ተደራርቦ አንድ ቀዳዳ ይሠራል» አለ። «የሆነ ነገር ከላይ ወደ ታች ያልፍባቸዋል። ገመድ አሰርኩበት፣ አልያዘም። ቡሎን አይሆንም፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው። አደይ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ሰው ሥሩ አላስቀምጥም።»

ወዲ ገረዝጊ ያን ጊዜ አልቀለደም። «ምን እንደነበረ እኔም አላውቅም» አለ። «እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ብሉ ብሎ ይልከን ነበር።»

ምሕረታ ጣቷን እያጠፈች ምልክቶቹን ቆጠረች። «ሁላችንም አለን። እሱም መዶሻውን ይዞ ገብቷል። አንቺስ? አንቺን የት ረሳሽ?»

እውነቴን ነው፣ ይሄ ከመወዛወዙ በላይ ጎዳኝ። ሐጂ ዑመር ገብቶ፣ ዶሮ ገብታ፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ የተኛሁት እኔ የለሁም። «ሽሮ የሚያማስል ሰው ምን ምልክት ያስፈልገዋል» ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። እንባዬን እንዳያዩ ነው።

ሰገን በእኔ መኝታ ቤት ነበረች፤ ጠጉሯን ተሠርታ፣ እጇ ላይ ሂና ተቀብታ እስኪደርቅ ጣቶቿን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጩኸቱን ሁሉ ሰምታለች።

«ዓባየ፣ ጎዳይፍ ልንሄድ ነው?»

«አንቺ እጅሽን አትንኪ፣ ይበላሻል።»

«ሙሽራ ሆኜ ከዚህ ቤት ብወጣ ነበር ደስ የሚለኝ።»

የምይዘው ነገር ሳጣ ከበሩ ጆሮ ላይ መቀርቀሪያዬን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሲጨንቀኝ የማደርገው ነው። የነጠላውን ቁራጭ እያሻሸሁ ሳለ ጣቴ ቋጠሮው ላይ ቆመ።

የእኔ ቋጠሮ አይደለም።

እኔ ያሰርኳት ዱሮ ነው፣ በቀኝ እጄ። ይሄ ግን ተገልብጦ የተቀመጠ ነው። መንግስትአብ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጉልበቴ ላይ እግሩን አድርጎ የፈታሁለት ዓይነት። የእኔን ክር የፈታ፣ መልሶም ያሰረ ሰው አለ፤ ያ ሰፊ ቀዳዳ የእሷ ነበር፤ በአንድ ሠርግ ብቻም አይደለም። በድግስ ሰሞን የማድረው ድስቶቹ አጠገብ ነው፤ እኔ ሳማስል ገብቶ ይወስዳታል፣ ዳሱ ሲፈርስ ጠቅልሎ በሬ ላይ ይመልሳታል። ለእኔ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም። ብነግራት ትሰጋለች ብሎ ይሆናል። ደግሞም እውነቱን ነው፤ ዳሱ የሚቆምባት ብረት የእኔ በር ላይ እንደሆነች ባውቅ ሌሊቱን ሙሉ ዳሱንም በሩንም ስጠብቅ ባደርኩ።

«በመቀስ ቁረጪው ዓባየ፣ ሰዓቱ ሄዷል» አለች ሰገን።

«አይቆረጥም። የመጨረሻ ያሰረው ነው።»

ቀስ ብዬ ፈታሁት። በዚህ ቤት የእሱን ቋጠሮ የሚፈታ ሌላ ሰው ስለሌለ ማንም ሊያጣድፈኝ አይችልም። ጨርቁ ሲወርድ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ብረቷን ራቁቷን አየኋት። ጫፏ ላይ እኔ ስጠቀልላት ያልነበረ ሥዕል አለ። ሰገን ቀድማኝ አየችው።

«ዓይን ነው» አለች። «ዓባየ፣ የተገለጠ ዓይን። ሽፋሽፍት ሁሉ አለው!» ከዚያ ፈገግ አለችና «አንቺ ነሽ፣ የማትተኚው» አለችኝ።

ብረቷን ደረቴ ላይ ይዤ ወጣሁ። ወዲ ገረዝጊ ዓይኑን ተክሎ አየኝ። «የበር መቀርቀሪያ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «ተቀበለኝና አውጣኝ።»

መንግስትአብ ወጣ። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ይዤ «እግርህን እይ፣ እግርህን እይ» እያልኩ ነው፤ ማንም ወደ ወጥ ቤት ተመለሺ አላለኝም። ብረቷ በአራቱም ቧንቧ አልፋ እስከ ራሷ ገባች። ዳሱ ውስጥ አንድ ነገር ጠበቅ ሲል ተሰማ፣ ሰው ወገቡን ሲያጠብቅ ዓይነት፤ ከዚያ ዝም። ወዲ ገረዝጊ የዶሮዋን ቋሚ በሁለት እጁ ያዘና ባለ በሌለ ኃይሉ ነቀነቀው። ጋሪው ተንቀሳቀሰ፣ ዳሱ አልተንቀሳቀሰም። ኮፍያውን አወለቀ።

«ሠላሳ ምድጃ አመለጠኝ» አለ። «በሉ ሸራውን ስጡኝ፣ እናንተ ስታስሩት ይቀደዳል።»

ሰገን እሑድ ከዚሁ ቤት ወጣች። ምሕረታን ከገርግስ ልጅ አጠገብ አስቀመጥናት፤ እራት ሳያልቅ ስለ ካባው እየተከራከሩ ነበር። እኔ እንግዳ መሀል ቆሜ አንገቴ እስኪቆለመም ቸርኬውን ስመለከት ፎቶ አንሺው ሦስት ጊዜ «እማማ፣ ወደዚህ» አለኝ። በሁሉም ፎቶ ላይ ወደ ላይ እያየሁ ነው። ሰው ለጸሎት ይመስለዋል።

ማክሰኞ ዳሱ ፈረሰ፤ መንግስትአብ ብረቷን በነጠላዋ ቁራጭ ጠቅልሎ አመጣልኝ። «እንደ ዱሮሽ እሰሪያት» ብሎ ክሩን ሰጠኝ። እሱ ከሄደ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና በግራ እጄ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ቋጠሮዋ ከእጄ ተፈታች። በሦስተኛው ያዘች፤ ስትታይ ጠማማ ናት፣ ግን ተገልብጣለች። ለማንኛውም ብዬ ከላይዋ አንድ ቋጠሮ በቀኜ ጨመርኩባት።